የጠለሌ ማሟያዎች

ሦስቱ የአንድ እናት ልጆች የበሩ ብረት ላይ አብረው ሲቆሙ ሰሌዳው ዜሮ አሳየ። ታላቅየዋ ትብለጥ ፊቷን ወደ ጠለሌ ተራራ አዞረች። ወንድሟ ይርዳው የቦርሳውን ማንገቻ ጎተት አደረገ። ትንሿ ናርዶስ ግን ፈገግ ብላ፣ «ለብቻችን ስንሆን ባዶ ነን ማለት ነው» አለች። ማንም አልሳቀላትም። ቀጥለው ጋሽ ኦርካይዶ ጫማቸውን ድንጋይ ላይ መታ መታ አድርገው ጭቃውን አራገፉና ከጎናቸው ቆሙ፤ ሠላሳ ስምንት። በመጨረሻ ትርንጎ እግሯን አሳረፈች። ቁጥሩ ወደ ስድሳ አራት ዘለለ፤ አረንጓዴ ሆነ፤ በሩም ተከፈተ።

የትርንጎ መታወቂያ «ዛይ» ይላል። የዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች ሰዎች ጥቂት ናቸው፤ ድንኳን ይዘው ተራራ የሚወጡት ደግሞ ከጥቂቶቹም ጥቂት። ተራራ የሚወጣ ቡድን ከተለያየ ብሔር እንዲሆን በሚያዘው የስብጥር ሕግ ስሌት ብርቅ ሰው ሚዛኑ ከባድ ነው። ደጋ ኅብር የተባለው የጉዞ ድርጅትም ለዚህ ብሎ በየሳምንቱ ይፈልጋታል። የሥራዋ ስም በውሉ ላይ «የስብጥር ተሳታፊ» ነው፤ ሰው ግን ማሟያ ይላታል። ጋሽ ኦርካይዶም ማሟያ ናቸው። የእሳቸው መታወቂያ «ኮንሶ» ይላል። ስድሳ ዓመት አልፏቸዋል፤ መኪና ራሱን መንዳት እስኪጀምር ድረስ የአውቶቡስ ሾፌር ነበሩ።

ሕጉ የወጣው በበጎ ሐሳብ ነው ይባላል። በአንድ ዘመን ተራራ የሚወጣው፣ ድንኳን የሚተክለው፣ እሳት ዳር ፎቶ የሚነሳው ሁሉ ከአንድ ሰፈርና ከአንድ ወገን ሆኖ ተገኘ። የቀረው ሕዝብ ተራራውን የሚያውቀው በምስል ነበር። ስለዚህ ተጋበዘ። ግብዣው ሰው አላመጣ ሲል ማበረታቻ ተጨመረበት። ማበረታቻው አልበቃ ሲል በር ቆመ። ትርንጎ ስትወለድ በሩ ቆሞ ነበር፤ ያለ በር የሚወጣ ተራራ አታውቅም።

የሚገርመው፣ ተራራውን ወደደችው። ሁሉም ተኝቶ ሳለ ትነሳና ጭጋጉ ከሜዳው በታች ተኝቶ፣ ረጃጅሞቹ የጅብራ ተክሎች ብቻ አንገታቸውን አውጥተው ስታይ፣ እጇ ላይ ያለውን ሻይ ትረሳዋለች። አንድ ጊዜ እህቷን ይዛ ልትመጣ አስባ ነበር። ሁለት ዛዮች ብረቱ ላይ ሲቆሙ ሰሌዳው ዜሮ እንደሚያሳይ ታውቃለችና ሐሳቡን ተወችው። ወደ ጠለሌ የሚያስገባት መንገድ አንድ ነው፤ የሰው ማሟያ መሆን።

የመጀመሪያው ቀን ምሽት እንደ ሁልጊዜው ነበር። አንድ ዓይነት መታወቂያ ያላቸው ሰዎች ጎን ለጎን አይቀመጡም፤ ስለዚህ ማሞቂያው ዙሪያ በግማሽ ክብ፣ ትብለጥ፣ ጋሽ ኦርካይዶ፣ ይርዳው፣ ትርንጎ፣ ናርዶስ ሆነው ተቀመጡ። በሁሉም እጅ ላይ የታሰረው አምባር ማን ከማን ጋር እንደሚያወራ ይሰማል። ከራስ ወገን ጋር ብቻ ማውራት ሲበዛ ይነዝራል።

«አባዬ ድንኳኑን የተከለው ከዚያ ጉብታ ማዶ ነበር፣ አይደል ይርዳው?» አለች ትብለጥ፣ በጋሽ ኦርካይዶ ደረት ላይ አሻግራ።

«ከጉብታው ሥር ነው። ብቻውን መጥቶ ሳምንት ሙሉ…»

ሦስቱም አምባሮች ነዘሩ። ትብለጥ ከንፈሯን ነከሰች። ከዚያ ሰው እንግዳ ሲቀበል እንደሚያደርገው ፊቷን አስተካክላ ወደ ትርንጎ ዞረች። «እንዴት ነው፣ በእናንተ ባህል ዓሣ እንዴት ይሠራል?»

ትርንጎ ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደተጠየቀች እሷም አታውቀውም። ተወልዳ ያደገችው አዳማ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ነው፤ ዓሣ ብዙም አይጥማትም። ድርጅቱ ያስጠናትን መልስ ሰጠች። ከዚያ የዘፈን ሰዓት ደረሰና ተራዋ ሲሆን ድርጅቱ ያስጠናትን አራት ስንኝ የዛይኛ ዘፈን ዘፈነች። እናቷም አባቷም በዚያ ቋንቋ ሲያወሩ ሰምታ አታውቅም። ሲጨበጨብላት አንገቷን ደፋች።

ሰዎቹ ክፉዎች አልነበሩም። አባታቸውን ከቀበሩ ሁለት ወራቸው ነው። ሟቹ በወጣትነታቸው ድንኳን የተከሉበትን ቦታ አይተው፣ እዚያ ቁጭ ብለው ሊያለቅሱ ነበር የመጡት፤ ለልቅሷቸው ሁለት የማያውቋቸው ሰዎች ተመደቡላቸው። ትርንጎ ይህን የተረዳችው ከቃረመችው ቃል ነው፤ የነገራት የለም። ብትጠይቅ አምባሩ ደስ ይለው ነበር፤ ለዚህ ብላ አልጠየቀችም።

በማግስቱ ጠዋት ጋሽ ኦርካይዶ ሲያስሉ ሰማቻቸው።

«ጋሼ፣ ምነው?»

«ብርድ ነው፣ ልጄ። ደረቴን ትንሽ ይዞኛል።»

«እንመለስ?»

«ማን ያስመልሰናል!» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሰሞኑን የጤና ምርመራ አለብኝ። ተራራ ላይ ታመመ ከተባልኩ ማን መልሶ ያስገባኛል? ቤት ተቀምጬ ግድግዳ ከማይ እዚህ ሳል ይሻለኛል። ዝም በይ፣ እባክሽ።»

ዝም አለች። እየወጡ ሳለ በየጥቂቱ ዞር እያለች ታያቸው ነበር። እሳቸውም እጃቸውን እያውለበለቡ፣ «ሂጂ፣ ሂጂ» ይሏታል። ላይኛው ሜዳ ሲደርሱ ግን ቦርሳቸውን ሳያወርዱ ተቀመጡ። ሦስቱ ልጆች ወደ ጉብታው ሲሮጡ ትርንጎ ቀርታ አጠገባቸው ተንበረከከች። ከንፈራቸው ጠቁሯል። ትንፋሻቸው እንደሚፈላ ሽሮ ይንተከተካል። አክ ብለው የተፉት ሮዝ አረፋ ነበር።

በዚሁ መሃል ሰማዩ ተዘጋ። መጀመሪያ ጭጋጉ መጣ፤ ከጭጋጉ ጋር በረዶ። ልጆቹ ራሳቸውን በእጃቸው ሸፍነው እየሮጡ ተመለሱ፤ ድንኳኖቹም ራሳቸውን ዘርግተው መሞቅ ጀመሩ። ጋሽ ኦርካይዶን ተሸክመው አስገቧቸው። ሲያስተኟቸው ታፈኑ፤ ቀና ሲያደርጓቸው ትንሽ ተነፈሱ። ትርንጎ አምባሯን ተጭና ጣቢያውን ጠራች።

«ጤና ይስጥልኝ፣ ትርንጎ» አለ ድምፁ። ለስላሳ፣ የማይቸኩል ድምፅ ነው።

«ሰው ታሟል። ሳንባቸው ውኃ ሞልቷል፣ መተንፈስ አቅቷቸዋል። በራሪ ማንሻዋን ላኩልን!»

«ስላሳወቁን እናመሰግናለን። ታማሚው ሲወጡ የቡድንዎ ስብጥር ወደ አርባ አንድ ይወርዳል። ምትክ እየተፈለገ ነው።»

«የምን ምትክ? ሰውየው እየሞቱ ነው እያልኩህ!»

«ተገኝቷል። ምትኩ ነገ ጠዋት በር ላይ ይደርሳሉ። ማንሻዋ እሳቸውን አድርሳ ታማሚውን ትወስዳለች። በአየሩ ምክንያት መንገዱ ዝግ ስለሆነ ከካምፑ እንዳይወጡ እናሳስባለን። ቡድን ለሁለት ሲከፈል የካምፑ ማሞቂያና መብራት ይጠፋል። እስከዚያው ታማሚውን ያሙቁ፤ መቀራረባችሁን ለመጠበቅ ተራ በተራ አብረዋቸው ይቀመጡ።»

ድምፁ ጠፋ። በረዶው የድንኳኑን ጣሪያ እንደ ከበሮ ይደበድባል። አራቱም እርስ በርስ ተያዩ።

«እስከ ነገ አይቆዩም» አለች ትርንጎ። «መድኃኒታቸው መውረድ ነው። ደን ውስጥ ከገባን አየሩ ወፈር ይላል። ሁላችንም አሁን እንውረድ።»

«በዚህ በረዶ?» አለች ትብለጥ።

እንደ መልስ ሆኖ መብረቅ ወደቀ። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሁሉ ለቅጽበት ነጣ። ናርዶስ ጮኸችና የእህቷን ክንድ ያዘች፤ አምባራቸው ነዘረ።

«በዚህ መብረቅ ናርዶስን ይዤ አልወርድም» አለች ትብለጥ። «አባቴን ከቀበርኩ ገና ሁለት ወር ነው። ሌላ ሰው የምቀብርበት አቅም የለኝም።»

«እሳቸውን ማን ሊቀብራቸው ነው ታዲያ?»

«ነገ ጠዋት ይመጣሉ ብለዋል አይደል? ብለዋል እኮ!»

ትርንጎ የድንኳኑን ወንበር ገልብጣ ለሸክም እንዲሆን የቦርሳ ማንገቻ እግሩ ላይ ማሰር ጀመረች። የምታደርገውን ታውቃለች፤ ቡድን ለሁለት የከፈለ ማሟያ መታወቂያው ቀይ ይሆናል፤ መታወቂያው የቀላ ሰው ጠለሌን ዳግመኛ አያያትም። ያ የጠዋት ጭጋግ፣ ያ ዝምታ፣ ከዛሬ ወዲያ የለም። ማሰሪያውን ግን ጠበቅ አደረገችው።

«አንቺ ከሄድሽ ማሞቂያው ይጠፋል» አለች ትብለጥ። አሁን ድምፅዋ ልመና ሆነ። «ስብጥሩ ያለው አንቺ ላይ ነው። እኛን በብርድ ልትገድይን ነው እንዴ?»

ትርንጎ እጇን አቆመች። እውነቷን ነበር። ከሁለት አንዱን መምረጥ ነው፤ የትኛውም ያለ ኃጢአት አይሆንም።

«ብቻዋን አትችላቸውም» አለ ይርዳው።

ሁሉም ዞሩ። ከመጣ ጀምሮ ብዙ ያልተናገረ ሰው ነው። ኮቱን እስከ አንገቱ ዘግቶ ቆሟል።

«ይርዳው! አንተ ከሄድክ ደግሞ…»

«እኔ ኖርኩም አልኖርኩም ማሞቂያው መጥፋቱ አይቀርም፣ እትዬ። ስሚኝ። አምስቱንም የመኝታ ከረጢት አንድ ድንኳን ውስጥ ክተቱ። ያለውን ልብስ ሁሉ ደርቡ። ተቃቅፋችሁ ተኙ። ጭጋጉ ሲገለጥ ውረዱ።»

ትብለጥ አንገቱን ያዘችው፤ ልትመታው ይሁን ልታቅፈው አልታወቀም። በመጨረሻ የተናገረችው ናርዶስ ናት። ፊቷ ነጭ ሆኗል። «ሂዱ» አለች። «እኛ እንተቃቀፋለን። አምባሩ እንደፈለገ ይንዘር። ሂዱ በቃ!»

ይርዳው ጋሽ ኦርካይዶን በወንበሩ እንደተቀመጡ በጀርባው ተሸከማቸው። ትርንጎ ከኋላ ሆና ወንበሩን ደገፈች። ከካምፑ ጥቂት ራቅ እንዳሉ አምባሮቹ መናገር ጀመሩ፤ «ከቡድንዎ ርቀዋል። እባክዎ ይመለሱ።» ትንሽ ቆይተው ቀሉ፤ ከዚያ ዝም አሉ። ትርንጎ ዞር ስትል የድንኳኖቹ ብርሃን ጠፍቶ ነበር። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያሉት መብራቶችም ከፊታቸው አንድ በአንድ ጨለሙ። መብራቱ የሚበራው ለቡድን ነው፤ እነሱ ቡድን አልነበሩም።

ጭጋጉ ውስጥ እጅ ዘርግቶ ጣትን ማየት አይቻልም። በረዶው ከእግራቸው ሥር ይንከባለላል። ይርዳው ሁለቴ በጉልበቱ ወደቀ፤ ሁለቴም ወንበሩ ወደ ጎን ሳይዘም ትርንጎ በትከሻዋ ተቀበለችው። በአንድ ቦታ መንገዱ ጠፋባቸው። ቀኝ በኩል ገደል እንዳለ ትርንጎ ታስታውሳለች፤ ቀኝ የቱ እንደሆነ ግን ጠፍቷት ቆመች።

«ምነው ቆምሽ?»

«ቆይ። ዝም በል።»

አዳመጡ። ከበረዶው ድምፅ በታች፣ ከወደ ግራ፣ ውኃ ይወርዳል። ወንዙ ወደ ደኑ ነው የሚሄደው። ድምፁን ይዘው ቁልቁል ወረዱ። ከኋላቸው፣ ቅድም ቆመው በነበሩበት አካባቢ፣ መብረቅ አንድ ጅብራ መታ፤ የተቃጠለ ጎመን የመሰለ ሽታ ተከተላቸው።

ጋሽ ኦርካይዶ በቋንቋቸው መናገር ጀመሩ። ቃላቱ ይወርዳሉ፣ ይቆማሉ፣ እንደገና ይወርዳሉ።

«ምን እያሉ ነው?» አለ ይርዳው እያለከለከ።

«አላውቅም።»

«ስንት ጊዜ አብራችሁ ወጥታችኋል አይደል?»

«አላውቅም አልኩህ እኮ!»

ከዚያ ድምፃቸው ቆመ። ትርንጎ ጉንጫቸውን መታ መታ አደረገች። ራሳቸው ወደ ፊት ወደቀ። «ጋሼ! ጋሼ፣ እንዳይተኙ!» «አናግሪያቸው!» ብሎ ጮኸ ይርዳው። «ዝፈኚላቸው!» የተጠናው ዘፈን አፏ ላይ መጣ፤ ሁለት ቃል ብላ ተወችው። ለሚሞት ሰው የሚባል ነገር አልነበረም። ከዚያ ምን እንደነካት ሳታውቅ፣ ልጅ ሆና ከቤታቸው በር ላይ ቁጭ ብላ ትሰማው እንደነበረው እንደ መናኸሪያ ረዳት በሙሉ ጉሮሮዋ ተጣራች።

«ሞጆ፣ መቂ! ሞጆ፣ መቂ! አንድ ሰው የቀረ! የሞላ፣ የሚሄድ!»

ይርዳው ያበደች መስሎት ቆም አለ።

«መቂ! መቂ! ጋሼ፣ አንድ ሰው ነው የቀረ፣ እንጠብቅ?»

ከወንበሩ ላይ፣ ከሩቅ እንደሚመጣ፣ የሾፌር ቁጣ የተቀላቀለበት ድምፅ ወጣ። «ሞልቷል… ዝጊው በሩን።»

ይርዳው ሳቀ ይሁን አለቀሰ አልታወቀም፤ ትከሻው ተንቀጠቀጠና መራመድ ቀጠለ። ትርንጎ እስከ ደኑ ድረስ አላቆመችም። ሞጆን ጠራች፣ መቂን ጠራች፣ ሻሸመኔን ጠራች፤ እሳቸውም አንዳንዴ «ፍሬን ያዥ»፣ አንዳንዴ «ውረጂ አልኩሽ» ይሏታል። የአስታ ዛፎቹ ደን ውስጥ ሲገቡ በረዶው ዝናብ ሆነ። ከደኑ መሃል አሳርፈዋቸው ጆሮዋን ደረታቸው ላይ ስታደርግ መንተክተኩ አልጠፋም፤ ግን ትንፋሻቸው ረዝሟል።

አመሻሹ ላይ በሩ ደረሱ። ሦስቱም በአንድነት ብረቱ ላይ ወጡ። አንድ ኮንሶ፣ አንዲት ዛይ፣ አንድ ጉራጌ። ሰሌዳው ዘጠና አንድ አሳየ። አረንጓዴ አበባ በራበት፤ ድምፁም በደስታ፣ «ግሩም ስብጥር! ጠለሌን ስለጎበኛችሁ እናመሰግናለን» አላቸው። በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ። በዚያችው ቅጽበት የትርንጎና የይርዳው መታወቂያ ቀላ።

ከበሩ ማዶ ሆነው የጠሩት አምቡላንስ ጋሽ ኦርካይዶን ይዞ ሲሄድ ይርዳው ወደ በሩ ተመለሰ። ወደ ላይ ሊያልፍ ቢሞክር አልከፈተለትም። በእጁ ደበደበው፤ በእግሩ መታው። ትርንጎ ክንዱን ይዛ አስቀመጠችው። በሩ ሥር፣ ተራራው ወደጠፋበት ጭጋግ እያዩ፣ ሳይነጋገሩ ተቀመጡ። ሊነጋ ሲል ሰማዩ ጠራ። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ሁለት ሴቶች አንድ ብርድ ልብስ ለሁለት ተከናንበው ቁልቁለቱን ሲወርዱ ታዩ። የትብለጥ የእግር ጣቶች ደንዝዘው ነበር። በሩን አልፋ በወንድሟ ላይ ተጠመጠመች፤ ከዚያ ትርንጎን ዓይን ዓይኗን እያየች፣ «ሰውየውስ?» አለቻት።

«አሉ።»

ትብለጥ መሬት ላይ ቁጭ አለችና በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች።

ጋሽ ኦርካይዶ ዳኑ። ከሆስፒታል የወጡት ክብደታቸው ግማሽ ሆኖ፣ ምላሳቸው ግን እንደነበረ ነው። ከዚያ ከደጋ ኅብር ስልክ ተደወለ። የደወለው ወጣት በጣም ትሑት ነበር።

«ወይዘሪት ትርንጎ፣ በአምባሮቹ የተመዘገበውን አይተነዋል። ከመቅላታቸው በፊትም በኋላም ይሰሙ ነበር። እንዲህ ያለ መቀራረብ በጠለሌ ታሪክ ተለክቶ አያውቅም። የሰዎቻችን ልብ በጣም ነው የተነካው።»

«እሺ?»

«ቋሚ ዝግጅት ልናደርገው ነው። የሸክም ጉዞ። ደንበኞች ከማሟያ ጋር ሆነው አንድ ታማሚ ከላይ እስከ ደኑ ይሸከማሉ። የውሸት ታማሚ ነው፣ አይስጉ። እርስዎ መሪ ቢሆኑልን እገዳዎ ይነሳል። ሲፈልጉም እህትዎን ይዘው መውጣት ይችላሉ፤ ልዩ ፈቃድ ነው።»

ትርንጎ መስኮቱ አጠገብ ቆማ ነበር። እህቷ ከታች፣ ግቢው ውስጥ፣ ልብስ ታሰጣለች። ጠለሌን ለአንድ ጠዋት ብቻ ብታሳያት ምን እንደምትል አሰበች።

«ይርዳው ምን አለ?»

«ስልካችንን አላነሱም።»

«ጋሽ ኦርካይዶስ?»

ወጣቱ ጉሮሮውን ጠረገ። «ታማሚውን እሳቸው እንዲሆኑልን ጠይቀናቸው… የተናገሩትን መድገም ይከብደኛል።»

ትርንጎ ከወረደች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። «የእኔንም እንደዚያው ቁጠረው» አለችና ዘጋችው። ስልኩን ካስቀመጠች በኋላ ግን አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ እስኪበቃት አለቀሰች።

ከጥቂት ወራት በኋላ አዳማ፣ በደጋ ኅብር ቢሮ ደጃፍ ስታልፍ ሰው ተሰብስቦ አየች። አራት ሰዎች ቃሬዛ ይዘው በእግረኛ መንገዱ ላይ ይለማመዳሉ። ቃሬዛው ላይ አንዲት ልጅ በጀርባዋ ተንጋላ ስልኳን ትነካካለች። ተሸካሚዎቹ ይሳሳቃሉ፤ የፊተኛው ሲፈጥን የኋለኛው ይደናቀፋል፤ ልጅቷ ትንጫጫለች። አንድ ሰው ከዳር ሆኖ መቀራረባቸውን እያየ፣ «ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው፣ አሁን ደግሞ ስም ተጠያየቁ» ይላል።

ትርንጎ አልፋ ልትሄድ ነበር። እግሯ እምቢ አለ።

«አታስተኟት!» ብላ ጮኸች።

ሁሉም ዞረው አዩዋት።

«ሳንባዋ ውኃ ከያዘ ተኝታ ትታፈናለች። ቀና አድርጋችሁ ነው የምትሸከሟት። ከኋላ ያለው ደግሞ መንገዱን አይይ፤ ፊቷን ይይ፤ ከንፈሯን ይይ።»

ሳቁ ቆመ። ከተሸካሚዎቹ አንዱ፣ ላብ ያጠመቀው ጎልማሳ፣ ቃሬዛውን ቀስ ብሎ መሬት አስነካና በአክብሮት ጠየቃት። «ይቅርታ እህቴ፣ ማሟያ ነሽ?»

«አይደለሁም» አለች። «ሰው ተሸክሜ አውቃለሁ።»

ጎንበስ ብላ ልጅቷን ከብብቷ ሥር ይዛ ቀና አደረገቻት።